ውስጡ ለባለቤቱ፣ ውጪው ለመንገደኛው

አዲስ ቤት ሊጠይቅ የሄደ ሰው «ቤት ለእንቦሳ!» ብሎ ይገባል። ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ!» ሲል ይቀበለዋል። አሮጌ ቤት ፊቱን ሲለውጥ ግን ምን እንደሚባል የነገረን የለም። ደስ ይበላችሁ ይባላል? ወይስ ያጽናችሁ?

ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደው መንገድ ነው። በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፈገው በዚሁ አቅጣጫ ነበር። ዛሬ መንገደኛው ከመስኮቱ የሚያየው ሌላ ዓይነት ማፈግፈግ ነው። የጭቃው ግድግዳ በሲሚንቶ ይለሰናል፤ የእንጨቱ በር በብረት ይለወጣል፤ ሰው ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣበት የነበረው በረንዳ በመስተዋት ይታጠራል። ቤቱ ሳይፈርስ ይጠፋል።

ነገሩ የምዕራብ ጎጃም ብቻ አይደለም። የሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ የከተማዋን ነባር መልክ እየጎዱ ናቸው ተብለው ከተጠቀሱት መካከል የቤቶች መለሰን፣ የእንጨት በሮች በብረት መተካት፣ ባዕድ የግንባታ ዕቃና የቴሌቪዥን አንቴና ይገኙበታል። ልብ በሉ! የሐረርን ቤት የጎዳው መድፍ አይደለም፤ ቤቴን ላሳምር ያለ ባለቤት ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገና ሥራ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ደነገገ። ደግ ነው። ሆኖም ሕግ የሚያየው በቅርስነት ያወቀውን ነው። ስሙ መዝገብ ውስጥ ያልገባ የቡሬ ጭቃ ቤት ግን «ያለ ፈቃድ ተለወጠ» ተብሎ እንኳ አይከሰስም። የሚጠየቅ ስለሌለ የሚያዝንም የለም።

ባለቤቱ ግን መልስ አለው። «ሣሩን በየጊዜው የምትከድንልኝ አንተ ነህ? ግጦሹ ታርሶ ባለቀበት አገር ሣሩንስ ከየት ላምጣው? እሳት ቢነሣስ?» ቢለን ምን እንመልሳለን? ይህ ጸሐፊ በከተማ ቆርቆሮ ሥር ተኝቶ ገበሬውን ሣር ክደን ሊል አይደፍርም። ድህነትን እንደ ቅርስ ጠብቁልን ማለት ነውር ነው።

ነቀፌታዬ በቆርቆሮው ላይ አይደለም፤ በአቆራረጡ ላይ ነው። የጎጃምን ክብ አብያተ ክርስቲያናት ተመልከቱ። ብዙዎቹ ሣር ክዳናቸውን በቆርቆሮ ለውጠዋል። ሆኖም ክቡ ቅርጽ፣ ከጫፍ ያለው ጉልላትና ሰው የሚጠለልበት ሰፊ ክፈፍ በተጠበቁበት ቦታ ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም ራሱን ይመስላል። ክፈፉ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ዶፉን ከጭቃው ግድግዳ የሚያርቅ ጋሻ ነበር። ገንዘብ ለመቆጠብ ክዳኑን ያሳጠረ ሰው በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ሲታጠብበት ሲሚንቶ ፍለጋ ይሮጣል። ከሲሚንቶው በኋላ የብረት በሩ ይከተላል። ጥፋቱ የሚጀምረው እንግዲህ ከአንድ ክንድ ቆርቆሮ ነው።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቶቻችን የግንባታ ፕላን ሲያጸድቁ ካሬ ሜትሩን ብቻ ሳይሆን ታዛውንም ቢለኩ፣ በረንዳውን ለመንገዱ ክፍት ላቆየ ሰውም ምስጋና ቢያተርፉለት ምን ይጎዳቸዋል? አዋጁ አቅም ለሚያንሰው የቅርስ ባለቤት መንግሥት እንዲያግዘው መንገድ ከፍቶ ነበር። ለትንሹ ቤትም እንዲሁ ቢታሰብለት ከቅጣት ይልቅ ብዙ ይሠራል።

የቤት ውስጡ የባለቤቱ ነው፤ ማንም አይገባበትም። ውጪው ግን ዝናብ ሲመጣ ሮጦ የሚጠለልበት መንገደኛም ድርሻ አለው። ታዛ የሌለውን ቤት «ቤት ለእንቦሳ!» ብንለው እንቦሳዋ ከዝናብ የምትጠለለው የት ነው?