ስህተቱ የማን ነው? ስለ ጽሑፍ ትወና ግድፈትና ቅላፄ

ሰዎች በኮምፒዩተር መረብ ተገናኝተው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይን ቃልና ድርጊት በየተራ እየጻፉ አንድ ታሪክ በጋራ የሚያካሂዱበት ጨዋታ አለ። ከቀደምት መነሻዎቹ አንዱ ሮይ ትራብሾና ሪቻርድ ባርትል እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት «መድ» የተባለው ፕሮግራም ነው። ጨዋታውን እዚህ «የጽሑፍ ትወና» እንለዋለን። ተዋናዩ ድምፅም መልክም የለውም፤ ያለው ፊደል ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት በፊደሉ ላይ የታየ ጉድለት ሁሉ «ስህተት» በሚል አንድ ስም ይጠራል። ወቀሳችን በዚህ ስያሜ ላይ ነው።

ጉድለቱ ሦስት ባለቤቶች ሊኖሩት ይችላሉ። ጣት ሲስት የሚመጣው የትየባ ግድፈት ነው። ተጫዋቹ ቋንቋውን ጠንቅቆ ባለማወቁ የሚፈጽመው የሰዋስው ስህተት ነው። ገጸ ባሕርዩ እንዲናገርበት ታስቦ የተጻፈው ግን ቅላፄ ነው፤ ይህም ከነጭራሹ ስህተት አይደለም።

ችግሩ ከኮምፒዩተር በፊትም ነበር። ማርክ ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1884 በወጣው «ሐክልቤሪ ፊን» መግቢያ ላይ ዘዬዎቹን አስቦና ለይቶ እንደ ጻፈ ያስታወቀው፣ አንባቢው «ሰዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ለመናገር ሞክረው አቃታቸው» ብሎ እንዳይገምት ነበር። ደራሲ መግቢያ አለው፤ የጽሑፍ ተዋናይ ግን የለውም።

በአማርኛ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ጠ እና ጨን የመሰሉ ፈንጂ ድምፆች የሚያስቸግሩት የውጭ አገር ሰው ተ እና ቸ እንደሚል የታወቀ ነው። አማርኛን በላቲን ቁልፎች በሚጽፈው በተለመደው ዘዴ ደግሞ ጠን ከተ፣ ጨንም ከቸ የሚለየው የሺፍት ቁልፍ ብቻ ነው። ጣት ሲስት የሚወጣው እንግዲህ ያው የእንግዳው ቅላፄ ነው! አንድ መንገደኛ የጠጅ ቤት እመቤትን «ተላ የለም? ጠጅ አምጪ» ቢል ጣት ስቷል እንላለን። «ተላ የለም? ተጅ አምታ» ቢል ግን ለውጡ በሦስቱም ቃላት ጸንቷል፤ «አምጪ» ወደ «አምታ» የተለወጠውም በአንድ ቁልፍ ስህተት አይደለም። ቀ እና ከ ለየራሳቸው ቁልፍ ስላላቸው፣ «ቀላል» በ«ከላል» ሲተካ ጥርጣሬው ይበልጥ ይቀንሳል። የቅላፄ ምልክቱ ጽናቱ ነው። መጥበቅና መላላትን ፊደላችን ስለማያሳይ፣ ያን የሚያፋልስ አነጋገር በጽሑፍ ለመተወን መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ጆርጅ ፊሊፕ ክራፕ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ አሜሪካ እንግሊዝኛ በጻፈው መጽሐፍ፣ አነባበቡን ሳይለውጥ የቃሉን አጻጻፍ ብቻ የሚያበላሽ ልማድን ለይቶ ስም ሰጥቶታል፤ እኛ «የዓይን ዘዬ» ልንለው እንችላለን። የአማርኛው የዓይን ዘዬ የሚገኘው በሞክሼ ፊደላት ነው። ያልተማረ ገጸ ባሕርይን ለማሳየት «ሰው»ን «ሠው» ብሎ የሚጽፍ ተጫዋች ለጆሮ ምንም አልሰጠም። ገበሬው እየተናገረ እንጂ እየጻፈ አይደለም፤ ታዲያ የማይጽፍ ሰው ፊደል እንዴት ይሳሳታል? ይህ ንቀት እንጂ ትወና አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የሁለተኛው ዓይነት ነው። በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ያደገ ወጣት አማርኛውን ሊለማመድ ገብቶ ሴቲቱን «አምጣ» ቢላት፣ አጋሮቹ የቀልድ ትወና መስሏቸው ይስቁ ይሆናል፤ ወይም ታሪኩን አቋርጠው ያርሙታል። ሁለቱም ዝም ያሰኙታል። ተጫዋቾች ከታሪኩ ውጭ የሚነገረውን በድርብ ቅንፍ የመለየት ልማድ አላቸው፤ የራስን ግድፈትም ተከታዩ መስመር ላይ ኮከብ አድርገው ያርማሉ። እርማት ካስፈለገ ቦታው ያ ቅንፍ ነው፤ ያም ቢሆን በጥያቄ መልክ ቢቀርብ ይሻላል፦ «ያልሽው ባሕርይዋ ነው ወይስ እርማት ትፈልጊያለሽ?»

ተርጓሚን የሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። ፖል አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1961 በመጽሐፍ መልክ በወጣው ልብ ወለዱ ድንክ ገጸ ባሕርይን በስኮትላንድ አነጋገር አናግሯል፤ በእንግሊዝኛው የጽሑፍ ትወናም የድንክ ቋንቋ ይኸው ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ ድንኩን የጎጃም ወይም የወሎ ሰው ማድረግ የሚቀናቸው ይኖራሉ። ይህ ግን በሕይወት ያለ ሕዝብን አነጋገር የተረት ፍጡር ምልክት ማድረግ ነው። ፊደሉን ሳይነኩ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን፣ የአንጥረኛና የማዕድን ቆፋሪ ቃላትን፣ ደጋግሞ የሚምልበትን አንድ መሐላ ብንሰጠው፣ ማንም አንባቢ ግድፈት ነው ብሎ አይጠረጥርም።