የቢላዋ ማስጠንቀቂያ ለማን ይጻፋል?

ማንኛውም ጽሑፍ አንባቢ አለው። የአንድን ጽሑፍ ዋጋ ለመመዘንም ከሁሉ አስቀድሞ «ይህ ቃል የሚናገረው ለማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በክፍል ውስጥ ይህን ጥያቄ ለግጥምና ለልብ ወለድ እናቀርባለን እንጂ በየዕለቱ በእጃችን ለሚገቡት ትናንሽ ጽሑፎች አናቀርብም። ሆኖም የሰውን አካልና መብት በቀጥታ የሚነኩት አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ ናቸው። የዚህ ትችት ርእስም ከፋብሪካ ቢላዋና ከሰንጢ ጋር ተጣጥፎ የሚመጣው ወረቀት ነው።

የወረቀቱ ይዘት በአያሌ አምራቾች ዘንድ ተቀራራቢ ነው። በመጀመሪያ ስለቱ የተሳለ መሆኑን ይነግራል፤ ከልጆች እንዲርቅ ያዛል፤ ዕቃው መጫወቻ፣ ካቻቢቴ ወይም መሮ አለመሆኑን ያስታውቃል። ቀጥሎም፣ ብዙ ጊዜ በደቀቀ ፊደል፣ ያለ አግባብ በመጠቀም ለሚደርስ ጉዳት አምራቹ ኃላፊነት እንደማይወስድ ይገልጻል። እንግዲህ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጽሑፎች አሉ ማለት ነው። አንደኛው ማስጠንቀቂያ ሲሆን የሚናገረው ቢላዋውን ለያዘው እጅ ነው። ሁለተኛው ከኃላፊነት መውጫ ሲሆን የሚናገረው ገና ላልተከፈተ ክስና ለዳኛ ነው። የወረቀቱ ዋና ጉድለት ሁለቱን ማደባለቁ ነው።

የዚህን ድብልቅ አመጣጥ ለመረዳት የአሜሪካን የፍርድ ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1960 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሪው በተበላሸ አዲስ መኪና ስለ ተጎዳች ሴት ሲወስን፣ በሽያጩ ውል ጀርባ በደቂቅ ፊደል የታተመውና የአምራቹን ግዴታ ክፍል በመለወጥ ብቻ የሚወስነው አንቀጽ እንደማይጸና ፈረደ። በ1963 ደግሞ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በእንጨት ሥራ መሣሪያ ስለ ተጎዳ ሰው ሲወስን፣ ቸልተኝነቱ ባይረጋገጥም እንኳ አምራቹ ለዕቃው ጉድለት ተጠያቂ መሆኑን ገለጸ። በ1965 የአሜሪካ የሕግ ኢንስቲትዩት ባወጣው መድበል ውስጥ ግን ማስጠንቀቂያ የሰጠ ሻጭ «ይነበባል፣ ይከበራልም» ብሎ ሊገምት እንደሚችል ተመለከተ። ክስን ለሚፈራ አምራች ከዚህ የረከሰ ጋሻ ከየት ይገኛል? የዕቃውን አሠራር ከማሻሻል ይልቅ በወረቀቱ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይቀላል።

ይኸው ኢንስቲትዩት በ1998 ባወጣው መድበል አቋሙን አርሟል። አደጋውን በተሻለ አሠራር ማስወገድ በሚቻልበት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ምትክ እንደማይሆን አስገነዘበ። ከዚህም በላይ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው አደጋ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ በአንባቢው ችላ እንደሚባል፣ ስለ ተሰወረው አደጋ የሚነገረውንም ክብደት እንደሚያሳጣው ገለጸ። ይህ የሕግ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ጥሩ የጽሑፍ ትችትም ነው።

ነገሩን በቢላዋው ላይ እንመልከተው። ስለት መቁረጡን የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ሌላ ነው። የደነዘዘ ቢላዋ ኃይል ስለሚጠይቅ አዳልጦ እጅን ይወጋል። ከጠረጴዛ ላይ የሚወድቅ ቢላዋን እጅ ሳያስብ ሊቀልበው ይዘረጋል። በሳሙና ውሃ ውስጥ የተተወ ቢላዋ ዕቃ ለሚያጥበው ሰው አይታይም። የሰንጢ መቆለፊያ ባረጀ ጊዜ በስለቱ ጀርባ ላይ የሚያርፍ ግፊት ስለቱን ወደ ጣት ያጥፈዋል። መነገር የሚገባቸው እነዚህ ሆነው ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ወይ ጨርሶ አይጠቀሱም ወይም በታወቁት ትእዛዞች መካከል ይዋጣሉ።

ሌላው ጉድለት የሰዋስው ነው። «ሲወድቅ አትቅለበው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ጊዜውን፣ ባለቤቱንና ድርጊቱን በሁለት ቃል ይዟል። «ተገቢው ጥንቃቄ ይደረግ» የሚለው ግን ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚያደርግ አይናገርም። ድብስብስነቱ የሚጠቅመው ጸሐፊውን ነው፤ የተጎዳውን ሁሉ «ተገቢውን ጥንቃቄ አላደረግህም» ለማለት ያመቻልና። የእኛ ምሳሌያዊ አነጋገር «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲል በሁለት ቃል አደጋውን፣ ጊዜውንና መከላከያውን አሟልቶ ይናገራል። ከተናጋሪው ላይ ግን ምንም ኃላፊነት አያወርድም።

እርግጥ ነው፣ ለአምራቹም ፍትሕ ይገባዋል። በቢላዋ ጫፍ የቀለም ቆርቆሮ ሲፈነቅል ስለቱን ለሰበረ ሰው ፋብሪካው ይጠየቅ ማለት አይቻልም። ይህንንም በግልጽ ማስታወቅ ነውር የለውም፤ ግን ለብቻው፣ በራሱ ርእስ ሥር ይጻፍ።

ተማሪዎቻችን ሊያውቁት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። «ኃላፊነት አንወስድም» ተብሎ ስለ ተጻፈ ብቻ ኃላፊነት አይወርድም። በእንግሊዝ አገር በ1977 የወጣው ሕግ በቸልተኝነት ለሚደርስ ሞት ወይም የአካል ጉዳት ያለውን ኃላፊነት በማስታወቂያ ማስቀረትን ከልክሏል። በእኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2085፣ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ እንደሆነ ግን ኃላፊነት የለበትም። ስለዚህ የስለቱ መሳል ጉድለት አይደለም፤ የቢላዋው ተግባር ነው። በእጀታው ውስጥ የተሰወረ ስንጥቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ወረቀቱን አንብቦ መብቱን ያለ ዳኛ በራሱ ላይ ይዘጋል።

ለቋንቋ መምህራን አንድ መልመጃ እናቅርብ። ተማሪዎች ከየቤታቸው የቢላዋ፣ የምድጃ ወይም የመድኃኒት ወረቀት ያምጡ። ዐረፍተ ነገሮቹን «ለእጅ የተነገረ» እና «ለዳኛ የተነገረ» በሚሉ ሁለት ዐምዶች ይክፈሏቸው። ከዚያም የመጀመሪያውን ዐምድ አደጋውን፣ ውጤቱንና መከላከያውን በሚገልጹ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች እንደገና ይጻፉት። ከመካከላቸው የተሻለው በትምህርት ቤቱ የእጅ ሥራ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በዚያ ክፍል መሣሪያ የሚያነሣ ተማሪ ያነበበው ቃል ለእሱ ደኅንነት የተጻፈ መሆን አለበት።