መሣሪያው የማን ነው? በቤት ውስጥ የሙዚቃ ቅንብርና በክፍት ስርዓተ ክወና ላይ የቀረበ ሂስ

ሙዚቃ የሚፈጠርበት መሣሪያ በሙዚቃው ላይ የራሱን አሻራ ሳይተው እንደማያልፍ የታወቀ ነው። መሲንቆ አንድ የጭራ አውታር ብቻ ስለያዘ ተጫዋቹ ጣቱን በአውታሩ ላይ እያዘዋወረ የሰውን ድምፅ እንዲከተል ያደርገዋል። ክራር አውታሮቹ አስቀድመው ስለሚቃኙ ዜማውን በቅኝቱ ወሰን ውስጥ ያኖረዋል። ስለዚህ አንድን የሙዚቃ ሥራ የሚመረምር ሐያሲ የዜማውንና የግጥሙን ይዘት ብቻ ሳይሆን፣ ሥራው በምን መሣሪያ፣ በማን ባለቤትነትና በምን ውል እንደ ተሠራም መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ጥያቄ ዛሬ ይልቁን ጎልቶ የሚነሣው በመኖሪያ ቤት ውስጥ በኮምፒዩተር በሚቀናበረው ሙዚቃ ላይ ነው።

ቀድሞ ድምፅ መቅዳት የታላላቅ ስቱዲዮዎች ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ቲያክ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በተራ ካሴት ላይ አራት ትራክ የሚቀዳ መሣሪያ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ግን ቀረጻ ቀስ በቀስ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። በኢትዮጵያም በ1980ዎቹ ካሴት የሸክላውን፣ ኪቦርድም የነፋስ መሣሪያ ተጫዋቾችን ጓድ ቦታ እየያዙ መጡ። በኋላም ኮምፒዩተር የመቅጃውን፣ የማቀናበሪያውንና የሚክሲንጉን ሥራ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሰበሰበው። ይሁን እንጂ ማሽኑ ወደ ቤት ስለገባ ብቻ የባለሙያው ሆነ ማለት አይደለም። ብዙው የቅንብር ሶፍትዌር ለተጠቃሚው የሚሰጠው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ወር በወር ወይም ዓመት በዓመት በሚከፈል ኪራይ የሚቀርበው በዝቷል። ኪራዩ ሲቋረጥ ሥራው የተቀመጠበት ፋይል በአቀናባሪው እጅ ቢኖርም፣ ፋይሉን የሚከፍተው ቁልፍ ግን በሌላ እጅ ይቀራል።

ክፍያውን በውጭ ምንዛሪ ለመፈጸም አቅምም ሆነ መንገድ የሌለው ባለሙያ ደግሞ መቆለፊያው የተሰበረ ቅጂ ወደ መጠቀም ይገፋል። በዚህም ካሴቱ ያለ ፈቃዱ ሲባዛበት አቤት ሲል የኖረው የሙዚቃ ሰው፣ እሱም በበኩሉ የሌላውን ድካም ያለ ፈቃድ የሚያባዛ ይሆናል። ይህ ቅራኔ ቀላል አይደለም። በሰው ሀብት ላይ የቆመ ጥበብ ስለ ራሱ መብት በሙሉ አፍ ሊናገር አይችልም።

ከዚህ አጣብቂኝ መውጫ የሚሆን መንገድ የተጠረገው በሙዚቃ ሰዎች ሳይሆን በኮምፒዩተር ባለሙያዎች ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት ሲያውጅ፣ ማንኛውም ሰው ሶፍትዌርን ለፈለገው ዓላማ እንዲጠቀምበት፣ ውስጡን ከፍቶ እንዲያጠናው፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያካፍለው የሚፈቅድ ሥርዓት ለማቋቋም አስቦ ነበር። ሐሳቡ በ1989 ጠቅላላ የሕዝብ ፈቃድ በተሰኘ ውል ሕጋዊ መልክ ያዘ። በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የአንድ ስርዓተ ክወና እምብርት ጽፎ ለሌሎች አቀረበ፤ ሊኑክስ የተባለው ይኸው ነው። የውሉ ዋና ነጥብ የተሻሻለውን ሶፍትዌር ለሌላ የሚያከፋፍል ሁሉ ምንጩንም አብሮ የመስጠት ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው። በአማርኛ «ነፃ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ስላለው እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚፈለገው ከዋጋ ነፃ መሆን ሳይሆን ከጌታ ነፃ መውጣት ነው።

በዚህ መሠረት ላይ ለሙዚቃ ከተገነቡት ሥራዎች ጎልቶ የሚታየው አርዶር ነው። ፖል ዴቪስ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ከበርካታ ተባባሪዎች ጋር ያነጸው ይህ ሶፍትዌር ብዙ ትራክ ለመቅዳት፣ የተቀዳውን ለመቁረጥና ለመቀጠል፣ በመጨረሻም ሚክስ ለማድረግ ያገለግላል። ከእሱ ጎን የከበሮ ምት ለማቀናበር ሃይድሮጅን፣ የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ለመፍጠር ዚንአድሰብኤፍኤክስ፣ ኖታ ለመጻፍ ሚዩዝስኮር ይሰለፋሉ። እነዚህን መሰል መሣሪያዎች አንድ ላይ አዘጋጅቶ የሚያቀርበው ኡቡንቱ ስቱዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ2007 ነበር።

የአርዶር አሠራር ሲመረመር ለቤት ባለሙያ የሚጠቅሙ ሁለት ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ድምፁን እየቀዳ ወዲያውኑ ወደ ዲስክ ስለሚጽፍ መብራት በድንገት ቢጠፋና ማሽኑ ቢዘጋ፣ ተመልሶ ሲከፈት እስከዚያ የተቀዳውን መልሶ ለማግኘት ይሞክራል። የመብራት መቆራረጥን የሚያውቅ የቤት ቀራጭ የዚህን ዋጋ ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻውም። ሁለተኛው፣ የቅንብሩ መዝገብ በማንኛውም የጽሑፍ ማዘጋጃ ሊነበብ የሚችል ጽሑፍ ሲሆን የተቀዳው ድምፅም በተለመደ የድምፅ ፋይል ይቀመጣል። ከሃያ ዓመት በኋላ አርዶር ራሱ ባይኖር እንኳ የአንድ አዛውንት መሲንቆ ተጫዋች ድምፅ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ አይቀርም። ባህልን ለመጠበቅ ለሚደክም ሰው ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኃላፊነት ጉዳይም ነው።

የቤት ውስጥ ቀረጻ ዋና ፈተና መዘግየት ነው። የድምፅ ካርዱ ድምፁን በጥቅል በጥቅል እየሰበሰበ ለማሽኑ ያቀብላል። በሰከንድ 48,000 ናሙና ሲቀዳ የአንዱ ጥቅል መጠን 1,024 ናሙና ከሆነ፣ ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ቢያንስ 42 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ጥቅሉ ወደ 128 ሲቀነስ ግን መዘግየቱ 5 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚወስድበት፣ በመጀመሪያው ሁኔታ የሚዘፍን ሰው ከአጃቢው 14 ሜትር ርቆ እንደ ቆመ፣ በሁለተኛው ግን 2 ሜትር ባልሞላ ርቀት ላይ እንደ ቆመ ይቆጠራል። የጭፈራ ምት የሚይዘው ወይም የሚፈርሰው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ጥቅሉ ሲያንስ ደግሞ ማሽኑ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቋርጦ በሰዓቱ ካልደረሰ ድምፁ ይቆራረጣል። ሊኑክስን በዚህ ረገድ ሰዓት አክባሪ ለማድረግ የተደረገው ጥረት ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ወስዶ፣ በ2024 በወጣው 6.12 በተባለው እትም ከእምብርቱ ጋር ሙሉ በሙሉ ተዋሕዷል። የቤት ባለሙያው በዘፈኑ ውስጥ ላይሰማው ቢችልም፣ የሃያ ዓመቱ ድካም ግን በዚያው አለ።

ከዚህ ይልቅ የጠለቀው ጥያቄ የቅኝት ጥያቄ ነው። በፋብሪካ የተሠራ ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍል ይከፍለዋል፤ የአንዱ ክፍል ርቀትም 100 ሴንት ነው። ክራር ተጫዋች ግን ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን የሚቃኘው በጆሮውና በዘፋኙ ድምፅ ልክ ስለሆነ፣ አውታሮቹ ከዚያ እኩል መሰላል ጋር በየስፍራው ላይገጥሙ ይችላሉ። ሁለቱ አብረው ሲቀዱ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ክራሩ ነው፤ ማሽኑ አልታዘዝ ስለሚል ሰውየው አውታሩን ያስተካክላል። ዚንአድሰብኤፍኤክስ በዚህ በኩል ሊመሰገን ይገባዋል። የእያንዳንዱን ድምፅ ርቀት ተጠቃሚው ራሱ በቁጥር እንዲወስን ይፈቅዳል፤ ስካላ በሚባለው አጻጻፍ የተዘጋጀ የቅኝት ሠንጠረዥም ይቀበላል። ሠንጠረዡ ጥቂት መስመር ያለው ተራ ጽሑፍ ነው። አንድ የሙዚቃ መምህር የታወቀ ክራር ተጫዋች የቃኘውን አንቺሆዬ ለክቶ ቢጽፈው፣ ተማሪዎቹ በኪቦርድ ላይ ያንኑ ቅኝት ሊሰሙና ከእኩሉ መሰላል ጋር ሊያነጻጽሩ ይችላሉ። እዚህ ላይ ኪቦርዱ ለክራሩ ይታዘዛል። በአንጻሩ ግን አንድ ሠንጠረዥ ቅኝቱን ያዘው ተብሎ መታመን የለበትም። ሌላው ባለሙያ በሌላ ቀን ሌላ ይቃኛልና፣ ሠንጠረዡ ምስክር እንጂ ዳኛ ሊሆን አይገባም።

ይህ ሁሉ ሲነገር ስለ ጉድለቱ ዝም ማለት ሂስ ሳይሆን ማስታወቂያ ይሆናል። ከሁሉ አስቀድሞ፣ በሊኑክስ የድምፅ መንገድ ለረጅም ጊዜ ዝብርቅርቅ ነበር። አልሳ ከድምፅ ካርዱ ጋር ሲነጋገር፣ ፐልስኦዲዮ የዕለት ተዕለቱን ድምፅ፣ በ2002 የወጣው ጃክ ደግሞ የባለሙያውን ድምፅ ያስተዳድሩ ስለነበር፣ የኋለኞቹ ሁለቱ በአንድ ካርድ ላይ ሲሻሙ አቀናባሪው በመሐል ይንገላታ ነበር። ቪም ታይማንስ የጀመረውና በኅዳር 2023 አንደኛ እትሙ ላይ የደረሰው ፓይፕዋየር ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ካስገባ ወዲህ ችግሩ ቀሏል። ሁለተኛ፣ ለሌሎች ስርዓቶች ብቻ የተሠሩ የድምፅ ስብስቦችና ማጣሪያዎች በሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሠሩም፤ አንዳንድ የድምፅ ካርድ አምራቾችም ለሊኑክስ የሚሆን ድጋፍ አያዘጋጁም። ሦስተኛ፣ መመሪያዎቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። በር ክፍት ነው ቢባልም በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ለማይነበብለት ሰው ክፍትነቱ ከፊል ነው። አራተኛው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ማሽኑን ማስተካከል ራሱ ጣዕም ስላለው አቀናባሪው ሌሊቱን ሙሉ ስርዓቱን ሲያበጃጅ አድሮ አንድም ስንኝ ሳያዜም ሊነጋበት ይችላል። ክራሩን ሲቃኝ ውሎ ሳይዘፍን የሚመሽበት ዘፋኝ፣ ቅኝቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ዘፋኝ ሊባል አይችልም።

የጋራው ሥራ ባህርይ በኢትዮጵያ ገጠር ከሚታወቀው ወንፈል ጋር ይቀራረባል። ወንፈል ምጽዋት አይደለም፤ ብድር ነው። ጎረቤቶቹን ጠርቶ እርሻውን ካሳረሰ በኋላ ተራው ሲደርስ የሚቀር ሰው በሚቀጥለው ዓመት ብቻውን ያርሳል። የአርዶር ምንጭ ለሁሉም የተከፈተ ቢሆንም፣ ተዘጋጅቶ ያለቀውን ቅጂ ከሥራው ባለቤቶች የሚወስድ ሰው የተወሰነ ክፍያ ይጠየቃል፤ ሥራው የሚቀጥለውም በዚህና በመሰል መዋጮ ነው። ገንዘብ የሌለው በሌላ መንገድ ሊከፍል ይችላል፦ መመሪያ በአማርኛ በመተርጎም፣ ስህተት በማመልከት፣ የቅኝት ሠንጠረዥ በማበርከት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲባል፣ ሃምሳው ሰው አንድ አንድ ሎሚ ያነሣል ማለት እንጂ አርባ ዘጠኙ ቆሞ ያያል ማለት አይደለም። ክፍትነቱ ጠባቂም ነው። በ2021 ኦዳሲቲ የተባለው የታወቀ የድምፅ ማዘጋጃ ወደ አንድ ኩባንያ ሲዛወር የተጠቃሚዎችን አጠቃቀም ለመከታተል የቀረበው ሐሳብ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ተትቷል። ምንጩ ክፍት በመሆኑ ሕዝቡ ሐሳቡን አይቶ ሊቃወመው ችሏል።

በመጨረሻ ሂሱ ወደ ሙዚቃው ራሱ መመለስ አለበት። መሣሪያው ነፃ ስለሆነ ብቻ ሥራው ነፃ አይሆንም። ሃይድሮጅንም ሆነ ማንኛውም የተዘጋ መሣሪያ ምትን በእኩል ሣጥን ከፋፍሎ ለአቀናባሪው ያቀርብለታል፤ አቀናባሪውም ካልነቃ የጭክጭካን ምት ያለ እስትንፋስ በየሣጥኑ ይደረድራል። ከበሮ መቺው ዘፋኙን አይቶ የሚያዘገየው፣ እስክስታው ሲሞቅ የሚያፈጥነው ያ ጥቂት ልዩነት ከሣጥኑ ውጭ ይቀራል። ብቻውን በክፍሉ የሚያቀናብር ሰውም ከባንድ ጓደኛው የሚያገኘውን «ይህ አይሆንም» የሚል ድምፅ ያጣል። ድምፅን ከመቅዳት የሚከለክል ጌታ ሲነሣ፣ ሥራውን የሚያርም ጓደኛም አብሮ እንዳይነሣ መጠንቀቅ ያሻል።

ስለዚህ ክፍት ስርዓተ ክወና ለቤት ውስጥ ሙዚቃ ያበረከተው ዋና ነገር ርካሽነት አይደለም፤ የመሣሪያውን ባለቤትነት ለባለሙያው መመለሱ ነው። የሙዚቃ መምህራን፣ የኪነት ቡድኖችና የባህል ማዕከሎች ይህን ዕድል የሚጠቀሙበት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ክራር በአንድ ክፍል ሲያገናኙ፣ ከዚያም ሦስት አራት ሰው አብሮ እንዲያዳምጥና አብሮ እንዲተች ሲያደርጉ ነው። መሲንቆ ጭራው ሲበጠስ አዝማሪው ራሱ ይጠግነዋል፤ ለመጠገን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። የዛሬው አቀናባሪም ኮምፒዩተሩን በዚያው ዓይን ሊያየው ይገባል። መሣሪያው የእሱ ከሆነ በኋላ ግን ለሚወጣው ድምፅ የሚያመካኝበት አይኖረውም።