«ፎርማት ይደረግ» ምርመራ ነው እንዴ?

ነቀምት ወይም ጊምቢ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ግቡና «ሶፍትዌር ስጭን ኤረር ይለኛል» በሉ። በአፋን ኦሮሞም ጠይቁ በአማርኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ያው አንድ ቃል ነው፦ ፎርማት።

እኔም በዚህ መልስ ተጎድቻለሁ። በ2012 ዓ.ም. ነቀምት የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የሚያስፈልገኝ ፕሮግራም አልጫን አለኝ። ፎርማት አስደረግሁ። ኤረሩ አልጠፋም፤ የጠፉት ሌሎቹ ፕሮግራሞቼ ናቸው። እነሱን መልሼ ልጭን ስል፣ ታኅሣሥ ላይ በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት ተቋረጠ። እስኪመለስ መጋቢት ደረሰ፤ ሦስት ወር ገደማ ማለት ነው። በኋላ እንደደረስኩበት ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነበር። ከጓደኛዬ በፍላሽ የገለበጥኩት ሴትአፕ ፋይል ነው ጎዶሎው።

ትችቴ ሁለት ነው። የመጀመሪያው በልማዳችን ላይ ነው። ሐኪም ራሱን ላመመውም ጨጓራውን ላመመውም ያንኑ ኪኒን ቢሰጥ ዝም ትሉታላችሁ? ፎርማት የሚያድንበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ ቫይረስ የሲስተም ፋይሎቹን ያበላሸበት ኮምፒውተር ላይ። ግን ሲሠራም ምክንያቱን ሳያሳውቀን ያልፋል። ምክንያቱ ከዊንዶውስ ውጭ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይነካውም።

ሁለተኛው ትችቴ ሶፍትዌር ሠሪዎቹ ላይ ነው። ዊንዶውስ ላይ «1603» የሚል ኤረር አይታችሁ ይሆናል። ትርጉሙ «ሲጫን ከባድ ስህተት ተፈጥሯል» ብቻ ነው። የፈቃድ ችግር ሊሆን ይችላል፣ የፎልደር ችግር ሊሆን ይችላል፤ አይነግራችሁም። በአንጻሩ «1618» ግልጽ ነው፦ ሌላ ፕሮግራም እየተጫነ ስለሆነ እሱ ይጨርስ ማለት ነው። በግልጽ መናገር የሚቻል ከሆነ 1603 ለምን ይደብቃል? ብዙ ሴትአፖች ዝርዝሩን ሎግ ፋይል ላይ ይጽፉታል፤ ተጠቃሚው ግን እንዲህ ያለ ፋይል መኖሩንም አያውቅም። ሌላም አለ። አንዳንዱ ሴትአፕ መጠኑ ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ ስትከፍቱት ግን ዋናውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት ማውረድ ይጀምራል። ይህን የነደፈው ሰው ኢንተርኔት እንደ አየር ሁሌም አለ ብሎ ነው። የኛን ታኅሣሥ አላየም።

እንግዲህ ፎርማት ከማለታችሁ በፊት ሦስት ተጠርጣሪዎችን መርምሩ።

አንደኛው ሰዓት ነው። የማዘርቦርዱ ትንሽ ክብ ባትሪ ሲሞት ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። ቀኑን በኛ አቆጣጠር ብትሞሉለትም ያው ነው፤ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ታዲያ ሴትአፑ ከኢንተርኔት ሊያወርድ ሲሞክር የድረ ገጹን የደህንነት ሰርተፊኬት ያያል፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ቀን ይለካውና «ይሄ ገና ሥራ አልጀመረም» ብሎ ግንኙነቱን ይዘጋዋል። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ማስተካከል አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው ፋይሉ ራሱ ነው። መብራት ሲጠፋ የተቋረጠ ዳውንሎድ፣ ገልብጦ ሳይጨርስ የተነቀለ ፍላሽ፤ ፋይሉ ስሙ ሙሉ ይሆንና ይዘቱ ይጎድላል። ለዚህ መላው ኤስ ኤች ኤ 256 የሚባለው አሻራ ነው። ማንኛውንም ፋይል 64 ፊደልና ቁጥር ወዳለው አሻራ ይቀይረዋል፤ ከፋይሉ አንዲት ቢት ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ብዙ ሠሪዎች ትክክለኛውን አሻራ በድረ ገጻቸው ያወጣሉ። ዊንዶውስ ደግሞ የእናንተን ፋይል አሻራ የሚያሰላ «ሰርትዩቲል» የሚባል ትእዛዝ አብሮት ይመጣል። ሁለቱን ማስተያየት ነው። እኔ ያኔ ይህን ባውቅ ሦስት ወር ባላጣሁ።

ሦስተኛው የጎደለ ረዳት ነው። «ኤም ኤስ ቪ ሲ ፒ 140 ዲ ኤል ኤል የለም» የሚል መልእክት ሲመጣ፣ ፕሮግራሙ የሚደገፍበት የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጥቅል አልተጫነም ማለት ነው። ጥቅሉን ከማይክሮሶፍት አውርዶ መጫን ነው መፍትሔው። ያቺን አንዲት ፋይል ነጥላችሁ ከማይታወቅ ድረ ገጽ ካመጣችሁ ግን ቫይረስ ልትጋብዙ ትችላላችሁ።

ሦስቱም ንጹሕ ሆነው ከተገኙ፣ ሎጉም ፍንጭ ከነሳችሁ፣ ያኔ ፎርማት ይደረግ፤ ሥራችሁን ሌላ ቦታ ከገለበጣችሁ በኋላ።

ጥገና ቤቱ ውስጥ ባለሙያውን አትውቀሱት፤ ወረፋ አለበት፣ የሚያነበውም መልእክት ድፍን ነው። ግን የኤረሩን ቁጥር ጻፉና «ወንድሜ፣ ምክንያቱ ምን ይመስልሃል?» በሉት። ያለ ኢንተርኔት የሚጫነውን ሙሉ ሴትአፕ ደግሞ ከነአሻራው ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ኔትወርኩ መቼ እንደሚጠፋ አስቀድሞ የሚነግራችሁ የለም።