ክራሩ የሸፈናት ተዋናይት

የአስናቀች ወርቁ «አስናቀች» የተሰኘው አልበም በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቀረጸ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ እንደገና አውጥቶታል። ክራሩና ድምፁ የራሷ ናቸው፤ ከዋሊያስ ባንድ ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ተማረ ሐረጉ በድራም አጅበዋታል።

ክራርና ኦርጋን ማዋደድ ይከብዳል። የክራር ድምፅ ተመትቶ ወዲያው ይሞታል፤ ኦርጋን ግን ጣት እስኪነሳለት አይለቅም። ኃይሉ ይህን አውቆ አይሻማትም። ስንኙ ሲያልቅ ይገባል፣ እሷ ስትነሳ ዝቅ ይልላታል። ድራሙ አልፎ አልፎ ከሚገባው በላይ ይጠጋታል፤ ያም ሆኖ የሚመራው የእሷ ጣት ነው።

እኔን የያዘኝ ግን አነጋገሯ ነው። አስናቀች ድምፅ ለማሳየት አትዘፍንም፤ ፊት ለፊቷ ለቆመ ሰው ትናገራለች። ስንኙን ጀምራ ታቆማለች፣ ክራሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፣ ከዚያ ማሰሪያውን እንደ ዋዛ ጣል ታደርገዋለች። ሰምና ወርቁ ጆሮ የሚገባው በዚያች ፋታ ነው። እንዲህ ያለ ፋታ የሚሰጥ ሰው ተመልካች የሚስቅበትንና ዝም የሚልበትን ቅጽበት በመድረክ ላይ የተማረ ነው።

ተምራዋለችም። በ1940ዎቹ አጋማሽ መድረክ ስትወጣ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ለዚህም የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት የቴአትር ተዋናይት እየተባለች ትጠራለች። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ፣ ከኖረችባቸው መድረኮች አንዱ ነው። ተዋናይትንና ዘፋኝን «አዝማሪ» ብሎ በሚያንቋሽሽ ዘመን ክራር ይዞ ሕዝብ ፊት መቆም ምን እንደሚያስከፍል መገመት አያዳግትም። መስከረም 2004 ዓ.ም. እስካረፈችበት ድረስ ስሟ ከድፍረቷ ተለይቶ አልተነሳም።

ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው። ያተሟት ሁሉ የሚያቀርቧት በክራሯ ነው። «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ አልበም አሥራ ስድስተኛ ቅጽ ለእሷ ተሰጥቶ ርዕሱ «ባለክራሯ እመቤት» ተባለ። ክብር ነው፤ ግን ግማሿን ብቻ ነው የሚያከብረው። የባሕር ማዶ አድማጭ ዜማዋን ይወድላታል፤ ቅኔው ያልፈዋል። ቅኔው የሚገባን እኛ ደግሞ ትወናዋን ረስተናል። አዳማ ውስጥ ቴአትር ለሚለማመዱ ወጣቶች «አስናቀች» የተሰኘውን አልበም ከፍቼላቸው ነበር። የእናት ገጸ ባሕርይ የምታጠና ልጅ ድምፁን ወዲያው ለየችው፤ «የትዝታዋ ባለክራር» አለች። ተዋናይት መሆኗን ስነግራት አላመነችኝም። ከዚያ አንዱን ዘፈን ደግማ ሰማችና ቃለ ተውኔቷን ስታነብ ማሰሪያውን ማዘግየት ጀመረች። ከአንድ ሰዓት ማብራሪያ ይልቅ ያ ጠቀማት።

አልበሙ ጥሩ ነው፣ ይገዛ፣ ይደመጥ። የቆመችበትን መድረክ ግን ሊመልስልን አይችልም። ያ ያለው በተመልካቾቿ ትውስታ ውስጥ ነው። ሀገር ፍቅርም ሆነ ብሔራዊ ቴአትር በየክፍለ ሀገሩ እየዞሩ ያሳዩ እንደነበር የታወቀ ነው፤ አዲስ አበባ ደርሰው ያዩም ብዙ ናቸው። ስለዚህ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በቢሾፍቱ፣ በሻሸመኔ ያላችሁ የቴአትር ክበባት ሆይ፣ የአስናቀችንና የዘመን ጓደኞቿን ቴአትር ያዩ እናትና አባት በሰፈራችሁ ካሉ ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱና ቅረጿቸው። እንዴት እንደቆመች፣ ምን እንደለበሰች፣ ሰው የት ላይ እንዳጨበጨበ ጠይቁ። እነዚህ ሰዎች አርጅተዋልና ለከርሞ አታቆዩት።