የውጅግራው ጠፍር

ፒያሳ፣ ምኒልክ አደባባይ ቆሞ የንጉሠ ነገሥቱን የፈረስ ሐውልት ሽቅብ ያየ ሁሉ የዓድዋ ድል ቀን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ትዝ ይለዋል። እኔ ደግሞ አብሮ ትዝ የሚለኝ የዚያ ዘመን ነፍጥ ነው፤ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ውጅግራ።

ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። ርዝመቱ 1.3 ሜትር፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። የተወለደውም በጥገና ነው ማለት ይቻላል። ባዚል ግራ የተባለው የፈረንሳይ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1874 ሲሠራው ከባዶ አልተነሣም፤ የ1866ቱን ሻስፖ ጠመንጃ ወስዶ አረመው። ሻስፖ የሚጎርሰው በወረቀት የተጠቀለለ ባሩድ ነበር፤ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳያመልጥ የሚያግደው መዝጊያው ጫፍ ላይ ያለ ጎማ ሲሆን፣ ጎማው በእሳቱ ቶሎ ይበላ ነበር። ግራ በወረቀቱ ፈንታ የናስ ቀለህ አመጣ። ሲተኮስ ናሱ ይለጠጥና ክፍተቱን ራሱ ይደፍነዋል። እንዲህ ያለ ቀላልና ንጹሕ መፍትሔ ያስደስተኛል። ብዙ ሻስፖዎችም በዚሁ መንገድ ተለውጠው ሁለተኛ ዕድሜ አገኙ።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ሌበል ጠመንጃ ስትዞር ውጅግራ ተራፊ ሆነ፤ ወደ እኛ አገርም በገፍ ገባ። ጥይቱ እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ላይ ይመነዘር ነበር።

የእኛ ሰው እጅ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። የጠመንጃ እንጨት የሚሰነጠቀው አንገቱ ላይ፣ ሰደፉ ከብረቱ በሚገናኝበት ቀጭን ቦታ ነው። ባለሙያው ስንጥቁን ገጥሞ በእርጥብ ጠፍር ይጠፍረዋል። ጠፍሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እንጨቱንም እንደ ብረት ቀለበት ጨምድዶ ይይዛል። ሙጫ የለ፣ ምስማር የለ። በደንብ የተጠፈረውን በጣት ቢዳብሱት ዙሩ ከዙሩ ላይ አልተደረበም፤ ጫፉም ከሥር ገብቶ ተቀብሯል። ለእኔ ይህ ጥገና ከፈረንሳዩ ፋብሪካ ሥራ አያንስም።

ለዚህ ነው እንዲህ ያለውን ነፍጥ «አዲስ ላድርገው» ብሎ በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ሰው የሚያሳዝነኝ። የፋብሪካው ማኅተም ይጠፋል፤ የባለቤቱ መዳፍ ያለሰለሰው እንጨት ይገፈፋል። ቫርኒሽ ሲጨመርበትማ ነፍጡ ቱሪስት የሚገዛው ጌጥ ይመስላል።

ከአያት የወረሳችሁት ካለ፣ አስቀድማችሁ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃዱን ጨርሱ። ጥይት አለመጉረሱን አረጋግጡ፤ ብረቱ አርጅቷልና አትተኩሱበት። ዝገቱን በቀጭን ዘይትና በጨርቅ በትዕግሥት አንሡ። ለእንጨቱ በጣት ጫፍ የታሸ ጥቂት የተልባ ዘይት ይበቃዋል። ጠፍሩን ግን እባካችሁ አትፍቱት።