«ዲግ»ን ከሚክሰር ጀርባ ሆኖ ማዳመጥ

መዝሙር ሊያስቀዱ የሚመጡ ልጆች ሐዘን ያለበት ስንኝ ላይ ሲደርሱ «ሪቨርብ ጨምርበት፣ ስትሪንግ አስገባበት» ይሉኛል። የመጨረሻው አዝማች ላይ ደግሞ ኪይ ከፍ እንዲል ይፈልጋሉ፤ መከራው ማለፉ እንዲታወቅ። ከመጀመራችን በፊት አዳም አጌን የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣውን «ዲግ» የተባለ አልበም አሰማቸዋለሁ።

የባንዱ ዘፋኝ ጂን ዩጂን ፕሮዲዩሰርና የድምፅ ባለሙያም ነበር። ሀንቲንግተን ቢች ላይ «ግሪን ሩም» በሚባል ስቱዲዮው የብዙዎችን አልበም ሠርቷል፤ በ2000 በ38 ዓመቱ ያረፈውም እዚያው ነው። የሌላውን ድምፅ ማሳመር የሚያውቅ ሰው የራሱን ሳያሳምር መተው እንዴት እንደሚከብደው የሙያው ሰው ያውቀዋል።

ከአልበሙ «ሪቨር ኦን ፋየር» የሚለውን ዘፈን ስሙ። በክሊቭላንድ የሚያልፈው የካያሆጋ ወንዝ በዘይትና በፋብሪካ ቆሻሻ ተበክሎ በ1969 በእሳት ተያይዞ ነበር፤ ያውም የመጀመሪያው አልነበረም። ጂን ያንን እሳት የሚያመጣው ስለ ሁለት ሰዎች ፍቅር ለመናገር ነው። በአልበሙ ከምታጅበው ሪኪ ሚሼል ጋር ባልና ሚስት ነበሩ፤ ትዳሩ በኋላ ፈርሷል። ይህን እያወቅሁ ስሰማው እጄ ፌደር መንካት አይደፍርም። ለኔ ቢሰጠኝ ኖሮ በስትሪንግ አንቄ እገድለው ነበር። እሱ ግን የፍቅሩን ጥያቄ ሳይመልስ እንዳለ ትቶት ይወጣል። አንድ ልጅ «ታዲያ ሃሌሉያው የታለ?» ብሎኛል፤ ጥያቄው አይናቅም።

አልበሙን ያስረሳውም ይኸው መልስ አለመስጠቱ ይመስለኛል። በክርስቲያን መጻሕፍት መደብር የሚሸጥ ካሴት መልሱን ይዞ እንዲመጣ ይጠበቅበት ነበር፤ የዓለሙ ሬዲዮ ደግሞ መንፈሳዊ የተባለን ባንድ አይጠጋም ነበር። አሳታሚው ብሬይንስቶርም ጂን ራሱ ከኦጆ ቴይለር ጋር ያቋቋመው ትንሽ ድርጅት ስለነበር ገፍቶ የሚሸጥለት አልነበረም።

ቀደም ሲል ባንዱ ወደ ፈንክ ያዘነብል ነበር። እዚህ አልበም ላይ የግሬግ ሎለስ ጊታር ገንኗል፤ ግሩቩ ግን ከፖል ቫላዴዝ ቤዝና ከጆን ኖክስ ድራም አልወጣም። ስለዚህ በስልክ ስፒከር አትስሙት፣ ቤዙ ይጠፋል። ሁሉም ዘፈን እኩል አይደለም፤ እኔም የምዘለው አለ። ከወደዳችሁት ቀጣዩ የ1995ቱ «ፐርፌክታ» ነው። እሱ ይበልጥ የሻከረ ነው፤ ባንዱም ከዚያ ወዲያ ሌላ የስቱዲዮ አልበም አላወጣም።